ከመቃብሩ የራቀ ድንጋይ፦ የማን እንደሆነ እንዴት ይፈለጋል

ጅማ ውስጥ የመቃብር ሐውልት ስጠርብ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ስም ይዞ ነው፤ እኔ ስሙን ድንጋይ ላይ አውጥቼ እመልስለታለሁ። ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ነገሩ ተገለበጠ። ፈረንጅ አራዳ የሚኖሩ አንዲት እናት የልብስ ማጠቢያቸው ድንጋይ ስለተሰነጠቀ በሲሚንቶ እንዳድስላቸው ጠሩኝ። ሁለት ሆነን በድጅኖ ብናነሣው ከሥሩ ያለው ጭቃ ላይ ተገልብጦ የታተመ ፊደል አየሁ። የድንጋዩን ሆድ ሳየው «ወለተ» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥግ ተሰብሮ የለም።

እናትየዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ይኼን ሁሉ ዘመን የሰው መቃብር ላይ ልብስ ሳጥብ ኖርኩ?» አሉ። «እትዬ፣ አላወቁም እኮ» አልኳቸው። ያን ቀን ማጠቢያውን ሳልሠራ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩትን የምጽፈው እንዲህ ያለ ድንጋይ በየሰፈሩ ስላለ ነው። የቤት ደረጃ ሆኖ፣ የቦይ መሻገሪያ ሆኖ፣ የአጥር መሠረት ሆኖ ይኖራል። መንገድ ሲሰፋ ወይም የቱቦ ጉድጓድ ሲቆፈር ይወጣል። ያገኘው ሰው ደግሞ ወይ ደንግጦ መልሶ ይቀብረዋል፣ ወይ ቶሎ ለማንበብ ብሎ ያበላሸዋል።

መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። ድንጋዩ ባለበት ሳለ ከአራቱም ወገን ፎቶ አንሡት፤ ከጎኑ ሜትር ወይም የምታውቁት ዕቃ አስቀምጡ። የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደነበረ፣ ከሥሩ ምን እንደነበረ፣ በምን እንደተለጠፈ ጻፉ። ጭቃው የፊደል አሻራ ከያዘ እሱንም አንሡት፤ ፊቱ የተላጠ ድንጋይ ሲያጋጥም ጭቃው ከድንጋዩ የተሻለ ሊናገር ይችላል። እኔ ይህን ሳላደርግ ድንጋዩን ወደ ጥላ አስነሣሁት። ረዳቴ ጭቃውን አፍሶ ደፋው። የተሰበረው ጥግ ፍርፋሪ እዚያ ውስጥ ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ዛሬም ይቆጨኛል።

አጥንት ከታየ ሥራው የእናንተ አይደለም። ሸፍናችሁ ለፖሊስና ለሃይማኖት አባቶች ንገሩ። ድንጋዩ ብቻ ቢሆንም ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታም ሆነ በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ያገኘውን እንዲጠብቅ ያዛል። ማሳወቁ ለእናንተም ከለላ ነው፤ ነገ «መቃብር አፈረሰ» የሚል ወሬ ቢነሣ የምትጠቅሱት ቀንና ማመልከቻ ይኖራችኋል።

ከዚያ ማጠብ። ውኃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የሽቦ ብሩሽ፣ የልብስ ሳሙና፣ ሎሚ፣ የባትሪ አሲድ አይነካው። ጅማ ዝናቧ ብዙ ስለሆነ ድንጋይ ላይ አረንጓዴና ግራጫ ሽፋን ይበቅላል፤ እሱን በቢላ መፋቅ የፊደሉን ከንፈር ይዞ ይሄዳል። ፊደሉ እንዲታይ ዱቄት የሚነሰንሱም አይቻለሁ። ዱቄቱ ቀዳዳ ውስጥ ይቀርና ሻጋታ ያበቅላል። እባካችሁ ተዉት።

የሚሻለው ብርሃን ነው፣ ያውም የማታ ብርሃን። ሲጨልም ድንጋዩን ደገፍ አድርጋችሁ የስልክ መብራት ከጎን፣ ከፊቱ ጋር ሊነካካ በሚል ዝቅታ አብሩበት። ጥልቀት ያለው ሁሉ ጥላ ይጥላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ የእኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በትንንሽ ቅጥያ ነው። «ለ»ን «ሉ» ወይም «ሊ» የሚያደርጋት ጎን ላይ የተጋደመች ሰረዝ ናት። መብራቱ ከግራ ወይም ከቀኝ ብቻ ከመጣ የተጋደመው ሰረዝ ጥላ አይጥልም፣ ይጠፋል። ስለዚህ ከላይና ከታችም አብሩ። በእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ አንድ ፎቶ አንሡና ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ድንጋዩ ጠንካራ ከሆነና ካልተፈረፈረ ስስ ወረቀት አልብሶ በከሰል ቀስ ብሎ ማሸትም ጥሩ ነው። እየተላጠ ያለ ድንጋይ ላይ ግን አትሞክሩት።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ከጽሑፉ በፊት ድንጋዩን ራሱን ጠይቁት። የመቃብር ድንጋይ ሁለት ታሪክ አለው፤ የሟቹ አንድ፣ ድንጋዩ ከሟቹ የተለየበት ሌላ። ሰው ሁሉ ወደ መጀመሪያው ይሮጣል። እኔ የምመክረው ከሁለተኛው እንድትጀምሩ ነው፤ የጉዞው ምልክት አካሉ ላይ ስላለ።

የታችኛውን ጫፍ እዩ። ቆሞ የነበረ ድንጋይ መሬት ውስጥ የሚገባውን ክፍል ጠራቢው አያለሰልሰውም፤ መሮው እንደነካው ሻካራ ሆኖ ይቀራል። አራቱም ጎን እኩል ከለሰለሰ ግን ወይ ተጋድሞ የነበረ ነው፣ ወይ ግንብ ላይ የተለጠፈ። ጀርባው ላይ የቀረው ነጭና ለስላሳ ኖራ ነው ወይስ ጠንካራ ግራጫ ሲሚንቶ? ሁለቱም ካለ፣ አንዱ ሌላውን ከሸፈነው፣ ድንጋዩ ሁለት ጊዜ ሥራ ላይ ውሏል ማለት ነው። የዝገት ቀለም ያለው ቀዳዳ ብረት ተተክሎበት እንደነበር ይናገራል። በዙሪያችን ያለው ተራራ ሁሉ እሳተ ገሞራ የወለደው ስለሆነ ጥቁር ድንጋይ የአገሩ ነው። እብነ በረድ ግን ወይ ከወለጋ ወገን፣ ከዳለቲ፣ ወይ ከባሕር ማዶ ተጭኖ የመጣ ነውና የሟቹ ቤተሰብ የገንዘብ አቅም ነበረው ማለት ነው።

ሁልጊዜ ሁለቱንም ፊት እዩ። ሙያውን ስማር ያሠለጠነኝ ሰው ባለቤት ያጣ ድንጋይ ገልብጦ በጀርባው አዲስ ስም ይጠርብ ነበር። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ዝም ብዬ አቀብል ነበር። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ሁለት ሟች ሊኖረው እንደሚችል በዓይኔ አይቻለሁ።

ክብደቱንም አስሉ። የእኛው ድንጋይ 70 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ነው። ጥቁር ድንጋይ በሜትር ኩብ ሦስት ቶን ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ነውና ወደ መቶ ኪሎ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ተሸክሞ ሩቅ አይሄድም፤ ሁለት ሰው በቃሬዛ ወይም ጋሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ፍለጋውን ከቅርቡ መቃብር ጀመርኩ። ድንጋዩ የተገኘው በገልባጭ መኪና በመጣ ድልዳል ውስጥ ከሆነ ግን ይህ ስሌት ዋጋ የለውም፤ አፈሩ ከየት እንደተጫነ ሾፌሮቹን ጠይቁ።

ጽሑፉ በምን ፊደል እንደሆነ ማየት ጅማ ላይ ብዙ ይናገራል። ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የሂርማታ ገበያ ሰው ከየአገሩ ይስብ ነበር፤ በቡናው ንግድ የዓረብ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴ ኖሮበታል፤ ጣልያንም ከተማዋን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጓት ነበር።

ዓረብኛ ከሆነ ለሚያነብ ሼኽ ወይም የመድረሳ አስተማሪ አሳዩ። «ኩሉ ነፍሲን ዛኢቀቱል መውት» የሚለው የቁርኣን አንቀጽ በማንም መቃብር ላይ የሚጻፍ ስለሆነ ፍንጭ አይሰጥም። የሚጠቅማችሁ «ኢብን» ወይም «ቢንት» ከሚለው ቃል ግራና ቀኝ ያለው ስም ነው። ቁጥሩ ላይ ተጠንቀቁ፤ በዓረብኛ አጻጻፍ አምስቱ ትንሽ ክብ፣ ዜሮው ነጥብ ነው፤ ስድስቱን ደግሞ የእኛ ሰው ሰባት ብሎ ያነበዋል። የሂጅራን ዓመት በ0.97 አባዝታችሁ 622 ብትደምሩ ወደ አውሮፓው ዓመት ትጠጋላችሁ፤ 1350 ብትሉ 1931 ላይ ያደርሳችኋል። ከሙስሊሙ መቃብር ብዙው ምንም እንዳልተጻፈበትም አትርሱ። ስም የሌለው ድንጋይ ማለት ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም።

የላቲን ፊደል ካያችሁና «ኩዊ ሪፖዛ» የሚል ከተነበበ ጣልያንኛ ነው፣ እዚህ ዐርፏል ማለት። ከዓመቱ አጠገብ የሮማ ቁጥርና «ኢ» እና «ኤፍ» የሚባሉት ሁለት ፊደላት ካሉ የፋሺስት ዓመት ነው። ከኦክቶበር 28 ቀን 1922 ጀምሮ የሚቆጠር ስለሆነ 15ኛው ዓመት ከ1936 ኦክቶበር መጨረሻ እስከ 1937 ኦክቶበር ይዘልቃል። ጣልያን ጅማን የለቀቀው በጁን 1941 ነውና ከ19 በላይ አነበብኩ ካላችሁ መብራቱን አዙራችሁ እንደገና እዩት። አናቱ በቀስታ የጎበጠ፣ ከመሬት በላይ 81 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 38 የሆነና የጦር ክፍል ዓርማ ያለበት ድንጋይ ከሆነ ደግሞ የእንግሊዝና የአጋሮቿ ወታደር ሊሆን ስለሚችል ስሙን በኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን መዝገብ ፈልጉት። የግሪክና የአርመን ጽሑፍ ፎቶ አዲስ አበባ ላሉት የየራሳቸው ቤተ ክርስቲያናት መላክ ይቻላል።

የእኛ ድንጋይ በግዕዝ ፊደል ነው። ከ«ወለተ» በታች «ዐረፈች» ይላል፤ ቀጥሎ «ኅዳር ፲፪ ቀን ዓርብ በዘመነ ማርቆስ ፲፱፻፴»፤ ከዚያ ጠርዙ ተበልቷል።

«ዐረፈች» የምትለዋን ቃል አትለፏት። ትልቅ ሴት ብትሆን ጠራቢው «ዐረፉ» ይል ነበር። እኔ ራሴ ለእናት «ዐረፈች» ብዬ ብጠርብ ደንበኛው ድንጋዩን አይረከበኝም። ስለዚህ ልጅ ናት፣ ቢበዛ ወጣት። የድንጋዩ ማነስም ከዚህ ጋር ይሄዳል። «ወለተ» የሚለው ደግሞ የክርስትና ስም መጀመሪያ ነው፤ ሰፈር የሚያውቃት በዚህ ስም አይደለም። ይህን ያልተረዳ ሰው ሽማግሌዎችን «ወለተ እገሊትን ታውቋታላችሁ?» እያለ ዓመት ሙሉ ቢዞር አያገኝም።

ዓመቱ ላይ ግን ሁላችንም ልንሳሳት ነበር። ያየው ሁሉ 1930 ብሎ አነበበው። በግዕዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለ ፲፱፻፴ ብቻውን ሙሉ ቁጥር ነው፣ ስሕተት የለበትም። ከኋላው አንድ አኃዝ ተበልቶ ከሆነ ግን እስከ 1939 ያለው ዓመት ሁሉ ሊሆን ይችላል። ሰፈሩ ወዲያው ታሪክ ሠራላት። በ1930 ከተማዋ በጣልያን እጅ ነበረችና «ጣልያን የገደላት ልጅ ናት» ተባለ። ሻይ ቤት ድረስ ተወራ። እኔም አምኜ ነበር።

ያቆመኝ ሐውልት ሊያሠሩ የመጡ አንድ መሪጌታ ናቸው። ፎቶውን ዐይተው «ልጄ፣ ዕለቱና ወንጌላዊው ተጽፎልህ ሳለ ለምን ትገምታለህ?» አሉኝ። ወረቀት አስመጥተው ያሳዩኝን እነሆ።

ዘመኑን ለማግኘት ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ከ1930 እስከ 1939 ባለው ውስጥ ዘመነ ማርቆስ የሚሆኑት 1930፣ 1934 እና 1938 ብቻ ናቸው። ከዐሥሩ ሰባቱ በአንድ ማካፈል ወደቁ።

ዕለቱን ለማግኘት ዓመቱ ላይ 5500 ጨምሩ፤ ይህ ዓመተ ዓለም ነው። 1934ን ብንወስድ 7434 ይሆናል። እሱን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን ጣሉ፣ 1858፤ መጠነ ራብዒት የሚሉት ነው። ሁለቱን ደምሩ፣ 9292። ለ7 ስታካፍሉት የሚተርፈው መስከረም 1 የዋለበትን ዕለት ይነግራችኋል፤ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ምንም ካልተረፈ ሰኞ። ለ1934 የሚተርፈው 3 ነውና ዘመን መለወጫው ሐሙስ ነበር። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 12 ድረስ 71 ቀን ነው፣ ዐሥር ሳምንትና አንድ ቀን። ሐሙስ ላይ አንድ ብትጨምሩ ዓርብ። በዚሁ መንገድ 1930ን ስናሰላው ኅዳር 12 እሑድ፣ 1938ን ስናሰላው ረቡዕ ሆነ።

ድንጋዩ ዓርብ ይላል። 1934 ነው። እንደ አውሮፓ ኖቬምበር 21 ቀን 1941፣ ጣልያን ጅማን ከለቀቀ አምስት ወር ሆኖታል። በዚያ ቀን ጅማ ውስጥ ልጅ የሚገድል የጣልያን ጦር አልነበረም። የሻይ ቤቱን ወሬ ማቆም ሳምንታት ፈጀብኝ። ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ቁጥሩ ሳይረጋገጥ ለማንም የሞት ምክንያት አትናገሩ። ሰው አንዴ ካለቀሰበት ታሪክ በሒሳብ አይመለስም።

ቀኑ ከታወቀ በኋላ መዝገብ መፈለግ ይመጣል። እዚህ ላይ ተስፋችሁን መጥኑ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ ቀበሌ ሄዶ የ1934ን ሞት መጠየቅ ድካም ነው። የእድር መዝገብ ካለ ስንት ዘመን ወደኋላ እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው የቤተሰብ ዳዊት ነው። ወላጆች የልጆቻቸውን ልደት፣ ክርስትናና ሞት ባዶው ቅጠል ላይ የመጻፍ ልማድ ነበራቸው።

ዳዊቱን ለማግኘት ግን ቤተሰቡን ማግኘት ይቀድማል፤ ይህም የአፍ ሥራ ነው። «ይህ ድንጋይ የማን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰው «አንተ ነህ ያመጣኸው» የምትሉት ይመስለውና ይዘጋል። ከቤቱ ጀምሩ። ይህ ግቢ መቼ ታጠረ? ደረጃውን ማን ሠራ? የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሲፈርስ ድንጋዩ የት ተጣለ? ከጅማ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ በኦሮምኛ ነው የሚያስታውሱት፤ «ዸጋ አዋላ» ስትሏቸው የመቃብር ድንጋይ እንደሆነ ያውቁታል፣ ፊታቸውም ይፈታል። ተቀመጡ፣ ቡናውን ጠጡ፣ አትቸኩሉ።

ዓመት አትጠይቁ። ሰማንያ የዞሩ እናት 1934ን አያውቁም። በዓል ግን ያውቃሉ። ኅዳር 12 የሚካኤል ቀን ነው፤ ደግሞም ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው። በ1911 በወረርሽኙ ያለቀውን ሕዝብ እያሰበ ሰፈር ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል፣ ከተማው በጭስ ይሞላል። ስለዚህ ጥያቄዬን ለወጥኩት። «ጣልያን በወጣ ዓመት፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ልጅ የሞተችበት ቤት ነበር?»

በአራተኛው ቤት አንዲት አዛውንት ዝም ብለው ቆዩና «በዚያ ቀን የማያጨሱ ቤት ነበሩ» አሉኝ። እሳቸው ልጅ ሳሉ ጎረቤት ያሉ አንዲት ሴት ኅዳር 12 ግቢያቸው ውስጥ እሳት አያስነሡም ነበር። ልጆች ለምን እንደሆነ ሲጠይቁ እናቶቻቸው «ልጇ የሞተችበት ነው፣ ተዉአት» ይሏቸው ነበር። ሴትየዋ ካረፉ ቆይተዋል፤ የወንድማቸው ዘሮች አጋሮ አሉ።

አጋሮ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። በመጀመሪያው ማንም አላመነኝም፤ መሬት ፈላጊ መሰልኳቸው። በሁለተኛው እትዬን ይዤ ሄድኩ። ድንጋዩ ላይ ዘመናቸውን ሙሉ ልብስ ያጠቡበትን ነገር ራሳቸው ሲናገሩ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ዳዊቱ ከሣጥን ወጣ። የመጨረሻው ቅጠል ላይ፣ በደበዘዘ ቀለም፣ ኅዳር 12 ዓርብ ተጽፏል፤ ከጎኑ በ«ወለተ» የሚጀምር ስም አለ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፣ የእነሱ ነው። ስድስት ዓመቷ ነበር።

መቃብሩ የነበረበት ስፍራ ዛሬ ከግንቡ ውጭ፣ መንገድ ሥር ነው። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ፈቃድ ተለምኖ ድንጋዩ ከውስጠኛው ግድግዳ ጥግ፣ የጣራ ውኃ ከማያገኘው ቦታ ቆመ። ከሥሩ ጠጠር አደረግሁበት፤ አፈር ላይ የቆመ ድንጋይ እርጥበት እየሳበ ከታች ይላጣልና። ቤተሰቡ የጎደለውን ስም ድንጋዩ ላይ እንድሞላው ጠየቁኝ፤ እምቢ አልኩ። የሌላ ሰው መሮ የነካውን ፊደል መነካካት አልወድም። በሌላ ትንሽ ድንጋይ ሙሉ ስሟን ጠርቤ ከጎኑ አቆምኩት።

ለእትዬም ማጠቢያ ራሴ ከካባው ያወጣሁትን ድንጋይ ጠርቤ ወሰድኩላቸው። ሁለቱንም ፊት አገላብጠው ካዩ በኋላ ነው የተቀበሉኝ።